የጤና ዓምድ፦ ሉፕ ምንድን ነው? ካርዱስ ምን ይላል?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ መርፌና ስለ እንክብል ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ሉፕ እንነጋገራለን። ሉፕ በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ ነው።

ስለ ሉፕ የሚወራው ብዙ ነው፤ የሚታወቀው ግን ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ተደርጎ ነበር። በዚያ ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 23ቱ መርፌ ይወጉ ነበር። 8ቱ በክንድ የሚቀበረውን ይጠቀሙ ነበር። ሉፕ የሚጠቀሙት ግን 2 ብቻ ነበሩ።

ይህ የሆነው ሉፕ ስለማይሠራ ነውን? አይደለም። ከሁሉም በደንብ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ነገር ግን ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር ይፈራል። በፍርሃቱ ላይ ደግሞ ወሬ ይጨመርበታል።

እኛ ሁሉም ሴት ሉፕ ታስገባ አንልም። ምርጫው የእናንተ ነው። የምንለው አንድ ነገር ነው፤ በወሬ አትምረጡ፣ በወሬም አትተዉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ? እንግዲህ መጀመሪያ እንማር።

ማራራቅ ለምን ይጠቅማል?

አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ሰውነቷ እስኪጠገን ጊዜ ይፈልጋል። ደሟ መመለስ አለበት። ሕፃኑም ጡት ጠግቦ ማደግ አለበት። ጡት ያልጣለ ልጅ ታቅፋ ሌላ ካረገዘች ሦስት ነፍስ ይጎዳል። እናቲቱ ትደክማለች። የታቀፈችው ልጅ ይጎዳል። የሚወለደውም ሳይጠነክር ሊወለድ ይችላል።

ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት እንዲህ ሲል ይመክራል፦ አንድ ልጅ ከተወለደ በኋላ ሌላ ለማርገዝ ቢያንስ 2 ዓመት ይቆይ። ይህን 2 ዓመት ለመጠበቅ መርፌ አለ፣ እንክብል አለ፣ በክንድ የሚቀበር አለ። ሉፕም አለ።

ሉፕ ምን ይመስላል?

በአገራችን በብዛት የሚሰጠው ሉፕ በእንግሊዝኛው ፊደል «ቲ» ቅርጽ የተሠራ ነው። በእኛ አነጋገር እንደ መስቀያ ነው፤ አንድ ግንድ፣ ሁለት ክንድ አለው። አካሉ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። በግንዱ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በክንዶቹም ላይ መዳብ አለ። ከታች ሁለት ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለዋል።

ትልቅ ነገር አይደለም። ርዝመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከክብሪት እንጨት ያጥራል።

«ሉፕ» የሚለው ስም ከየት መጣ? በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ጃክ ሊፕስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እንደ እባብ የተጠማዘዘ ፕላስቲክ ሠሩ። በእንግሊዝኛ ጥምዝ ነገር ሉፕ ይባላል። ስሙ በዚያው ቀረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሃይሜ ዚፐር የተባሉ የቺሌ ሐኪም መዳብ እርግዝናን እንደሚከላከል አሳዩ። ሃዋርድ ታተም የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የ«ቲ» ቅርጹን ሠርተው ነበር። ሁለቱ ተጣመሩ። ዛሬ ያለው ባለመዳብ ሉፕ የመጣው ከዚያ ነው። ቅርጹ ተለወጠ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

እንዴት ይሠራል?

መዳቡ በማሕፀን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይሟሟል። የወንድ ዘር መዳቡን ሲያገኘው ይደክማል። መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ ከሴቷ እንቁላል ጋር አይገናኝም። ካልተገናኙ ደግሞ ጽንስ የለም።

አንዳንድ ሰዎች «ሉፕ ያስወርዳል» ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም። ሥራው ከጽንስ በፊት ነው። ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳል። ሉፕ ዘሩ ከመሬት እንዳይገናኝ ያደርጋል እንጂ የበቀለውን አይነቅልም።

ምን ያህል ያስተማምናል? ሉፕ ካስገቡ 100 ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት የምታረግዘው አንድ እንኳ አትሞላም። በመርፌ ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ያረግዛሉ፤ ቀጠሮ ያልፋልና። በእንክብል 7 ያህሉ ያረግዛሉ፤ መዋጥ ይረሳልና። ሉፕ ግን አንዴ ከገባ ቀጠሮ መቁጠር፣ በየቀኑ ማስታወስ የለም። የክረምት ጎርፍ መንገድ ቢዘጋም ሉፑ ሥራውን ይሠራል።

ባለመዳቡ ሉፕ ለ10 ዓመት ይሠራል ተብሎ የተፈቀደ ነው። እስከ 12 ዓመት እንደሚሠራም ታውቋል። መዳብ የሌለው፣ ሆርሞን የሚባል ንጥረ ነገር የያዘ ሌላ ዓይነት ሉፕም አለ። እርሱ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 8 ዓመት ይሠራል። የወር አበባንም ያሳንሳል። ሆኖም እንደ ባለመዳቡ በየቦታው አይገኝም።

እንዴት ይገባል?

ሉፕ የሚያስገባው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። አዋላጅ፣ ነርስ ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ በነጻ ነው። የቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የት እንደሚሰጥ ትነግራችኋለች።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ትጠይቃለች። እርግዝና አለመኖሩን ታረጋግጣለች። ማሕፀኑን ትመረምራለች። ከዚያ ሉፑን በቀጭን ቱቦ አድርጋ በማሕፀን በር ታስገባለች። ቱቦው ሲወጣ የሉፑ ክንዶች ይዘረጋሉ። ቢላዋ የለም። ቀዶ ጥገና የለም። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አያምም አንልም። ሲገባ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ይሰማል። አንዳንዷን ያዞራታል። ጋደም ብላ ትንሽ ማረፍ ነው።

መቼ ይገባል? እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ በማናቸውም ቀን ይቻላል። በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ያ ካለፈ 4 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። የምታጠባ እናትም ማስገባት ትችላለች፤ ባለመዳቡ ሉፕ ወተት አይነካም። ያልወለደች ሴትም ማስገባት ትችላለች።

ሌላም እንወቅ። ያልታሰበ ግንኙነት የተፈጸመባት ሴት በ5 ቀን ውስጥ ባለመዳብ ሉፕ ብታስገባ እርግዝናውን ይከላከልላታል። ስለዚህ ጊዜ ሳታባክን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ወሬውና እውነቱ

በማስተማሪያ ጣቢያችን ስለ ሉፕ ስንነጋገር እናቶች ብዙ ጥያቄ ጠየቁን። የሰጠነውን መልስ እዚህ እናካፍላችኋለን።

አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ይኸ ነገር ወደ ልብ ይወጣል ይባላል። እውነት ነው እንዴ?» አሉን።

«አይወጣም እማማ» አልናቸው። ማሕፀን እንደ ከረጢት ነው። አፉ ወደ ታች ነው። ከማሕፀን ወደ ልብ ወይም ወደ ራስ የሚወስድ መንገድ የለም። እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ከ1,000 ሴቶች በ1 ወይም በ2 ላይ ሉፑ ሲገባ የማሕፀኑን ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ይህ ሲሆን ሕክምና አለው። ያኔም ቢሆን ልብ አይደርስም።

ሌላዋ፣ «ውኃ ስቀዳ፣ እንጨት ስሸከም አይወድቅም ወይ?» አለችን።

«ሥራ አያወጣውም እትዬ» አልናት። መሸከም፣ መፍጨት፣ ማረም አይነካውም። ነገር ግን ሉፕ አንዳንዴ በራሱ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ስለዚህ በወር አበባ ጊዜ ጨርቃችሁን ተመልከቱ። የፈለገች ሴት እጇን ታጥባ ክሩ መኖሩን በጣቷ ልታረጋግጥ ትችላለች። ክሩን ግን አትሳቡ።

አንዲት ወጣት ሚስት አንገቷን ደፍታ፣ «ከወጣ በኋላ መኻን ያደርጋል አሉ» አለችን።

አያደርግም። ሉፑ በወጣ ማግሥት እንኳ ማርገዝ ይቻላል። ወልዳ መክበድ የፈለገች ሴት አውጥታ ትወልዳለች።

«ይዝጋል» የሚሉም አሉ። መዳብ እንደ ብረት አይዝግም። «ካንሰር ያመጣል» የሚሉም አሉ። አያመጣም። «ባልን ይወጋል» የሚሉም አሉ። አይወጋም። አንዳንድ ባሎች ክሩ ሊሰማቸው ይችላል። ያኔ ባለሙያዋ ክሩን ታሳጥረዋለች።

ወሬው ሁሉ ደግሞ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ይሸጥ የነበረ አንድ ዓይነት ሉፕ ብዙ ሴቶችን ጎድቶ ነበር። ክሩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለነበር ጀርም ይስብ ነበር። በ1974 ሽያጩ እዚያ ቆመ። የዛሬው ሉፕ ክር እንደዚያ የተገመደ አይደለም።

ጉዳትስ የለውም?

አለው። የመረጠች ሴት አስቀድማ ማወቅ ያለባት ይህንን ነው።

በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የወር አበባ ሊበዛ ይችላል። ቀኑም ሊረዝም ይችላል። ቁርጠትም ይኖራል። በብዙዎቹ ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የማይቀንስላትም አለች። ደም በጣም የሚያንሳት ሴት ይህን ለባለሙያዋ ትንገር። ምናልባት ሌላ መከላከያ ይሻላት ይሆናል። ሉፕ ያስገባች እናት ምስርና ጎመን የመሰለውን ደም የሚተካ ምግብ ታዘውትር።

ሉፕ ከኤች አይ ቪና ከሌሎች አባላዘር በሽታዎች አያድንም። ከእነዚህ የሚያድነው ኮንዶም ነው።

እነዚህ ሴቶች ሉፕ አያስገቡም፦ ያረገዘች፣ የማሕፀን ወይም የአባላዘር በሽታ ይዟት ያልታከመች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ የማሕፀን በር ካንሰር ይዟት ሕክምና የምትጠብቅ። እነዚህ መጀመሪያ ሐኪም ያያቸው።

ሉፕ ካስገባችሁ በኋላ ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፦
የወር አበባ ቢቀር፤
ከእምብርት በታች ብርቱ ሕመም ቢነሣ፤
ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ፤
መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ቢኖር፤
ክሩ ቢጠፋ፣ ወይም ጠንካራው ፕላስቲክ በጣት ቢነካ።

ምንም ባይሰማችሁም ከገባ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ተመልሳችሁ ታዩ።

ካርዳችሁን ራሳችሁ አንብቡ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሉፕ ሲገባ ባለሙያዋ ካርድ ትሰጣለች። ካልሰጠች ጠይቋት። በካርዱ ላይ ሦስት ነገር መጻፍ አለበት። አንደኛ፣ የሉፑ ዓይነት። ሁለተኛ፣ የገባበት ቀን። ሦስተኛ፣ የሚወጣበት ጊዜ።

ሉፕ ዓመታት ይቆያል። ብዙ ዓመት የሚቆይ ነገር ደግሞ ይረሳል። «የታናሹ ልጅ በተወለደ በማግሥቱ ዓመት ነበር» ማለት ብቻ አይበቃም። የተጻፈ ግን አይረሳም።

በማስተማሪያ ጣቢያችን አንዲት እናት አሉ። ካርዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥን አኑረውት ኖረዋል። ምን እንደሚል አያውቁም ነበር። ለምን አላስነበቡም? ማንን ያስነብቡ? ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችለው የ12 ዓመት ልጃቸው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ አይሰጥም። ለጎረቤት ቢሰጡት ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይሰማል።

ሰባት ወር ከተማሩ በኋላ ካርዱን ራሳቸው ፈትተው አነበቡት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ማንም አልሰማቸውም። ሲጨርሱ ወደ እኛ መጥተው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቀኑ ያለፈ እንደሆነ ምን ይደረጋል?»

መልሱ ይህ ነው። ቀኑ ያለፈ ሉፕ መርዝ አይሆንም። ነገር ግን መከላከሉ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ሄዶ ማስወጣት ነው። ሌላ የፈለገች ሴት አሮጌው በወጣበት በዚያው ቀን አዲሱን ማስገባት ትችላለች። እኒያ እናት በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጤና ጣቢያ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ሉፑ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ገባ እንበል። ለ10 ዓመት ይሠራል። 2017 ሲደመር 10 ስንት ነው? 2027 ነው። ስለዚህ መስከረም 2027 ዓ.ም. የሚወጣበት ጊዜ ነው። መደመር ስንማር «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ያላችሁን ነበራችሁ። ለዚህም ይጠቅማል።

በካርዱ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። እርሱን በልባችሁ ያዙት። የሚወጣበት ጊዜ መጨረሻው ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሉፕ በሁለተኛው ወርም፣ በሁለተኛው ዓመትም ሊወጣ ይችላል። ልጅ ፈለጋችሁ፣ ወይም አልተስማማችሁም፣ ወይም እንዲያው አልፈለጋችሁትም፤ «አውጡልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። በራሳችሁ እጅ ወይም በመንደር አዋቂ ግን አታስወጡት። የሚያወጣውም የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ማውጣት ከማስገባት ይቀላል።

አባቶችም ይስሙ

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ስለ ሴቶች መብት ይናገራል። ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት ለመጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሉፕ ለማስገባትም ሆነ ለማስወጣት የባል ፊርማ አይጠየቅም።

ይሁን እንጂ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይባላል። ተነጋግሮ መወሰን መልካም ነው። አባቶች ሆይ፣ ገበሬ በአንድ መሬት ላይ ሳያሳርፍ እህል አይደጋግምም። ለመሬቱ ያዘናችሁትን ያህል ለልጆቻችሁ እናት እዘኑ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ አብራችኋት ሂዱ። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ልጁን እናንተ ያዙ። ሁለታችሁም ከባለሙያዋ አፍ ከሰማችሁ ወሬ ቤታችሁ አይገባም።

እንወያይ

ይህን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ለራሳችሁ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ።

1. መዳቡ የወንድን ዘር ምን ያደርገዋል?
2. ሉፕ ያስገባች ሴት የትኞቹን ምልክቶች ስታይ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች?
3. ሉፑ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከገባና ለ10 ዓመት ከሆነ መቼ ይወጣል? በደብተራችሁ ጻፉ።
4. በመንደራችሁ ስለ ሉፕ ምን ይወራል? ከወሬው የትኛው እውነት፣ የትኛው ሐሰት ሆኖ አገኛችሁት?

አዳዲስ ቃላት፦ ማሕፀን፣ መዳብ፣ ጽንስ፣ ባለሙያ፣ ካርድ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በክንድ ስለሚቀበረው መከላከያ እንነጋገራለን። ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለአስተማሪያችሁ ስጡ። ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም። በሰላም ሰንብቱ።